ነቀዝን በጋዝ ማጠን፦ መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ነገር ቤት ውስጥ ለምን ሰው ይገድላል?

ገበያ ላይ «የነቀዝ ኪኒን» እየተባለ የሚሸጠው አመድማ እንክብል ትክክለኛ ስሙ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ገዢው በብጣሽ ጨርቅ ቋጥሮ ማዳበሪያው ውስጥ ይከተዋል፤ ማዳበሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ቤተሰቡ በሚተኛበት ክፍል ጥግ ነው። ከአንድ ወር ምናምን በኋላ ነቀዙ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ «ኪኒኑ አንሶ ነው» ይባልና በሚቀጥለው እጥፍ ይጨመራል። ችግሩ ግን የኪኒኑ ቁጥር አይደለም። በጋዝ ማጠን ማለት ጋዙን አፍኖ ማቆየት ነው። ማፈን ካልተቻለ ነቀዙ ይተርፋል፣ ያመለጠው ጋዝ ደግሞ ሰው ወዳለበት ይሄዳል። ሁለቱም ጉዳት የሚመጣው በዚያው በአንዱ ቀዳዳ ነው።

ጭስ፣ ርጭትና ጋዝ

ሦስቱ ስለሚምታቱ መጀመሪያ እንለያቸው። ጭስ ደቃቅ ብናኝ ነው፤ ከጣሳ ተረጭቶ ክፍሉን የሚሞላው ጉም ደግሞ ደቃቅ ጠብታ ነው። ሁለቱም አየር ላይ ቆይተው በመጨረሻ ያገኙት ነገር ላይ ያርፋሉ። ቀበርቾ ወይም ወይራ ሲጨስ የሚበር ነገር ይሸሽ ይሆናል፤ ፍራሽ ስፌት ውስጥ የተሸሸገ ትኋን ወይም እህል ውስጥ ያለ ነቀዝ ግን ምንም አይሆንም፣ ምክንያቱም ብናኙ እዚያ አይደርስም። ጣሳውን ከፍቶ ቤቱን ዘግቶ መውጣትም ለትኋን እምብዛም የማይረዳው በዚሁ ምክንያት ነው፤ እንዲያውም የተረበሸው ትኋን ወደ ጎረቤት ክፍል ሊበተን ይችላል።

ጋዝ ሌላ ነው። በማዳበሪያው ሽመና መሃል ያልፋል፣ አራት ሜትር ከፍታ ያለው ክምር ልብ ድረስ ይዘልቃል፣ ፍሬው ውስጥም ይገባል። በብሎኬት መጋጠሚያ፣ በኮርኒስ ክፍተትና በኤሌክትሪክ ገመድ ቱቦ በኩልም እንዲሁ ያልፋል። ሲነፍስም ተባይ የሚከላከል ነገር ትቶ አይሄድም፦ ዛሬ በትክክል የታጠነ እህል ነገ ነቀዝ ካለበት ማዳበሪያ አጠገብ ቢቀመጥ እንደገና ይነቅዛል።

ጋዙ ፍሬው ውስጥ መግባት ያለበት ለምንድን ነው? የበቆሎ ነቀዝ እንስቷ የፍሬውን ቆዳ በአፏ ትበሳለች፣ አንድ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያም ቀዳዳውን ከራሷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች። ዕጩ (ትል መሰሉ ግልገል) እዚያው ተፈልፍሎ፣ ፍሬውን ከውስጥ በልቶ፣ ተለውጦ ነቀዝ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሞቃት ቦታ ላይ ይህ ሁሉ ወደ 5 ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እህሉ ላይ ሲርመሰመስ የምናየው እንግዲህ ከጠቅላላው ቁጥር ጥቂቱን ነው፤ የቀረው ጤነኛ በሚመስል ፍሬ ውስጥ ነው።

ኪኒኑ የሚያደርገው

አንዱ ኪኒን 3 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ 56 በመቶ ገደማው አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። የአየሩና የእህሉ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አንድ ኪኒን 1 ግራም ፎስፊን ይሰጣል፤ 0.6 ግራም የሚመዝነው ትንሹ እንክብል ደግሞ 0.2 ግራም። በቀረው የኪኒኑ ክፍል ውስጥ አሞኒየም ካርባሜት አለ፤ ሥራውም እሳት መከላከል ነው። ፎስፊን አየር ውስጥ 1.8 በመቶ ገደማ ሲደርስ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ካርባሜቱ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ያቀጥነዋል። ኪኒኖቹ ተቆልለው ከተቀመጡ ወይም ውሃ ከነካቸው ግን ይህ ጥበቃ አይበቃም፤ ጋዙ በአንዴ ይወጣል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፣ እሳት ይነሳል።

በገበያ ስለዚህ ጋዝ ከሚነገሩት ውስጥ ሁለቱ አደገኛ ናቸው። አንዱ «ይሸታል፣ ካልሸተተ የለም ማለት ነው» የሚለው ነው። የነጭ ሽንኩርት ወይም የካርባይድ የሚመስለው ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ከፎስፊኑ ጋር በጥቂቱ ከሚወጡ ሌሎች ጋዞች ነው። እነሱን እህሉ ራሱ ሊመጥጣቸው ስለሚችል ሽታው ጠፍቶ ጋዙ ሊቀር ይችላል። ሌላው «ከባድ ስለሆነ መሬት ላይ ይቀራል፣ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም» የሚለው ነው። ፎስፊን ከአየር የሚከብደው 1.2 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሆነ ክፍሉን እኩል ይሞላል። በተጨማሪም መዳብ ያጠቃል። በሚታጠን መጋዘን ውስጥ የተረሳ ስልክ፣ ኮምፒዩተር ወይም የመብራት ማከፋፈያ ሳጥን ከቀናት በኋላ ሥራ ሲያቆም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቁልፉ ጊዜ ነው

ጎልማሳው ነቀዝና ዕጩ ቶሎ ይሞታሉ። እንቁላሉና ዕጩ ወደ ነቀዝ የሚለወጥበት የማይንቀሳቀሰው ደረጃ ግን ትንፋሻቸው አነስተኛ ስለሆነ ጋዙን በብዛት አይስቡም። እነሱን የሚገድላቸው የጋዙ ብዛት ሳይሆን ቆይታው ነው፤ ጋዙ በበቂ መጠን ከቆየ ደካማው ደረጃ እስኪመጣ ይጠብቃቸዋል። መጠኑን መቆለል እንዲያውም የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፦ ከመጠን ያለፈ ጋዝ ነፍሳቱን አደንዝዞ አተነፋፈሳቸውን ስለሚቀንሰው የሚስቡት መርዝ ያንሳል።

በሦስተኛው ቀን ሸራውን የገለጠ ሰው የሚያየው የሞተ ነቀዝ ብቻ ስለሆነ «አለቀ» ብሎ ይከፍታል። ከአንድ ወር ምናምን በኋላ ከፍሬው የሚወጣው ትውልድ ያኔ ያልሞተው ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ግማሽ መጠን ቀምሶ የተረፈው የሚወልደው መድኃኒቱን የለመደ ዘር ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 ባደረገው ዳሰሳ እንዲህ ያሉ ነፍሳት ያኔውኑ ተገኝተው ነበር። ጉዳዩን የሚያከብደው አማራጭ ጋዝ እየጠፋ መምጣቱ ነው። በአንድና ሁለት ቀን ሥራውን ይጨርስ የነበረው ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ባደጉት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005፣ በታዳጊዎቹ በ2015 ከአገልግሎት ወጥቷል፤ የቀረው ለኳራንቲን (ተባይ ከአገር አገር እንዳይዛመት ለሚደረግ ቁጥጥር) እና ለጭነት ቅድመ ዝግጅት ብቻ ነው። ፎስፊንን ነቀዝ ከለመደው በርካሽ የሚተካው ሌላ ነገር በቅርብ የለም።

ምን ያህል ቀን? የእህሉ ሙቀት 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 5 ቀን፣ ቢቻል 7። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን። ከ15 በታች ከሆነ ባይሞከር ይሻላል። ስለዚህ መተማ ወይም ድሬዳዋ የሚሠራው የቀን ቁጥር አዲስ አበባ ላይ በጥቅምት ብርድ አይሠራም። ሙቀቱ የሚለካው ማዳበሪያው ውስጥ በተሰካ ቴርሞሜትር ነው፤ የመጋዘኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስለ እህሉ ብዙ አይነግርም። ቀኑ የሚቆጠረውም ሸራው ከታሸገበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

አንድ ክምር ሲታጠን

ርዝመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ከፍታው 4 ሜትር የሆነ የበቆሎ ክምር እንውሰድ፦ 120 ሜትር ኩብ፣ ወደ 80 ቶን፣ ማለትም 800 ኩንታል ገደማ። ለተሸፈነ የማዳበሪያ ክምር የተለመደው መጠን በቶን ከ2 እስከ 3 ኪኒን ነው (ምርቱ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ የሚከበረው የምርቱ ነው)። ስለዚህ ለ800 ኩንታል ከ160 እስከ 240 ኪኒን ይበቃል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደ ቤት ስንመጣ ይፈለጋል።

ክምሩ በፓሌት (ከወለል ከፍ በሚያደርግ የእንጨት ርብራብ) ላይ፣ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ መሠራት አለበት፤ ሰው ዙሪያውን መሄድ ካልቻለ ሸራውን በትክክል ማሸግ አይችልም። ሸራው ጋዝ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ይሁን፤ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን (ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊሜትር) ውፍረት ያለው ፖሊኢትሊን ይሠራል። መኪና ላይ የሚጣለው የተሸመነ ሸራ አይሆንም። ከመሸፈኑ በፊት አንድ ሰው ሥሩ ገብቶ ወደ ብርሃን ቀና ብሎ ይይ፤ ብርሃን ያሳለፈ ቀዳዳ ሁሉ በፕላስተር ይደፈን። ወለሉ የተሰነጠቀ ወይም አፈር ከሆነ ከክምሩ በታችም ሸራ መነጠፍ ነበረበት። ይህ የሚታወሰው ብዙ ጊዜ ክምሩ ካለቀ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አይረዳም።

ሁለት ሸራ ሲጋጠም ጠርዞቹ አንድ ሜትር ያህል ተደራርበው፣ ሦስት አራት ጊዜ አብረው ተጠቅልለው በመቆንጠጫ ይያዛሉ። ታችኛው ጠርዝ ወለሉ ላይ አንድ ሜትር ያህል ተዘርግቶ አሸዋ የተሞላ ረጅም ከረጢት ይጫንበታል። ከረጢቱ ጢም ብሎ አይሞላ፤ ሦስት አራተኛው ብቻ ከተሞላ ተለጥፎ ይተኛል፣ ጢም ያለው ግን እንደ ግንድ ይንከባለልና ከሥሩ ክፍተት ይተዋል። ከረጢቶቹ ጫፍ ለጫፍ ሳይሆን ተደራርበው ይቀመጡ። ድንጋይ፣ ጣውላና ትርፍ ማዳበሪያ በመካከላቸው ክፍተት ስለሚተዉ አይተኩትም። ጋዝ በብዛት የሚያመልጠው በአራቱ ማዕዘን፣ ሸራው ታጥፎ ኪስ በሚሠራበት በኩል ነው። እጥፋቱ ተለስልሶ መሬት ላይ ተዘርግቶ ከረጢት መጫን አለበት። ጊዜ መቆጠብ የፈለገ ሌላ ቦታ ይቆጥብ።

ኪኒኑ የታሸገበት ቆርቆሮ የሚከፈተው ደጅ፣ ፊትን አዙሮ ነው፤ ውስጡ የተጠራቀመ ጋዝ አየር ሲያገኝ ብልጭ ሊል ይችላል። ኪኒኑ የሚነካው በደረቅ የጥጥ ጓንት ነው፤ የእጅ ላብ ብቻውን ሥራውን ያስጀምረዋል። ትሪ ላይ ሳይደራረብ፣ ሳይነካካ፣ አንድ ረድፍ ሆኖ ይደረደርና በአራቱም በኩል ከፓሌቱ ሥር ይገባል። ሸራውን አይንካ፤ ሌሊት ሸራው ላይ የሚሰበሰበው ጤዛ ቢንጠባጠብበት እሳት ሊነሳ ይችላል። ጋዙ ወዲያው በብዛት ስለማይወጣ ለሠራተኛው ትንሽ ፋታ አለ፤ ሆኖም ከመጀመሪያው ቆርቆሮ መከፈት እስከ መጨረሻው ከረጢት መጫን ያለው ሥራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ተደርጎ ይታቀዳል። ሁልጊዜ ሁለት ሰው፤ ብቻውን የሚሠራ አይኖርም።

ጭምብሉ ለፎስፊን የተሠራ ማጣሪያ ያለው፣ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት። የአቧራ ማስክ፣ የኮቪድ ማስክ፣ የረጠበ ሻሽ ጋዙን አያስቀሩም፤ ድፍረት ስለሚሰጡ ባይኖሩ ይሻላል። በሩ ይቆለፋል፣ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ዘበኛው መጋዘኑ ውስጥ ወይም ከበሩ ሥር በረንዳው ላይ የሚያድር ከሆነ ለእነዚያ ቀናት ማደሪያው ይቀየር። ይህ ሲረሳ አይተናል።

መሳካቱ የሚታወቀው በመለኪያ ነው። ክምሩ ሳይሸፈን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ወደ መሃልና ወደ ግርጌ ይገባና ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በእሱ በኩል በመስታወት መለኪያ ቱቦና በእጅ ፓምፕ ጋዙ ይነበባል። በ7ኛው ቀን 200 ፒፒኤም (በሚሊዮን 200 እጅ) እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ማሸጉ ጥሩ ነበር። በ3ኛው ቀን ወደ ዜሮ የወረደ ከሆነ ጋዙ አምልጧል፤ ኪኒን ቢጨመር ያው ቀዳዳ ያንኑ ያደርጋል።

ሲከፈት ጭምብል ያጠለቁ ሁለት ሰዎች ተቃራኒ ማዕዘኖችን ያነሳሉ፣ በርና መስኮት ይከፈታል፣ ቢያንስ ለአንድ ቀን ይነፍሳል። ያለ ጭምብል የሚገባው ንባቡ ከ0.3 ፒፒኤም በታች ሲሆን ነው። ትሪው ላይ የቀረው ዱቄት አመድ ቢመስልም ውስጡ ጋዙን ያልለቀቀ ፎስፋይድ ሊኖር ይችላል። ደጅ፣ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ተደርጎ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተማሰለ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ሳይከደን 36 ሰዓት ያህል ይቆያል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፦ ዱቄቱ ወደ ውሃው እንጂ ውሃው ወደ ዱቄቱ አይደለም። በፌስታል አስሮ ቆሻሻ ገንዳ መጣል የቆሻሻ መኪና ማቃጠል ነው።

አሁን ወደ ቤት

አንድ ኪኒን ለአንድ ኩንታል። ትንሽ ይመስላል። በቶን ሲሰላ ግን 10 ኪኒን ነው፤ መጋዘን ውስጥ ከሚበቃው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ። ለነቀዙ ግን ይኼ ሁሉ አይበቃም፣ ምክንያቱም የተሸመነ ማዳበሪያ ጋዝ አያግድም፤ የወጣው ጋዝ ቀናት ሊቆይ ሲገባው ሰዓታት ሳይቆይ ወደ ክፍሉ ይፈስሳል።

ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የአንድ ኪኒን 1 ግራም ጋዝ እዚያ ውስጥ ቢቀር ወደ 24 ፒፒኤም ይሆናል። አምስት ኩንታል፣ አምስት ኪኒን፦ 120። አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ ሊጋለጥ ከሚፈቀድለት አማካይ ጣሪያ 0.3 ሲሆን፣ 50 ፒፒኤም ደግሞ ወዲያውኑ ለሕይወት አደገኛ ተብሎ የተቀመጠ መጠን ነው። ክፍሉ ስለሚተነፍስ ትክክለኛው ቁጥር ዝቅ ሊል ይችላል። በብርድ ሌሊት በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ ክፍተቱ በጨርቅ ተጠቅጥቆ በሚታደርበት ቤት ግን ብዙም አይወርድም።

ይህ ስሌት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ሌይተን ከተማ ውስጥ ከመኖሪያ ቤት አጠገብ መሬት ውስጥ ለአይጥ የተቀበረ ኪኒን ጋዙ ወደ ቤቱ ገብቶ ሁለት ሕፃናት እህትማማቾችን ገድሏል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በመኖሪያ አካባቢ መጠቀምን አገደ፤ በሌላ ቦታም ሰው ሊኖርበት ከሚችል ሕንፃ 100 ጫማ፣ ወደ 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ደግሞ ቴክሳስ አማሪሎ ውስጥ ከቤት ሥር የተጣለን ኪኒን ለማጠብ ውሃ ተረጭቶበት አራት ልጆች ሞቱ። ውሃው ለቀናት ሊወጣ የነበረውን ጋዝ በአንዴ አወጣው። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በአፓርታማ ውስጥ ለትኋንና ለበረሮ ተብሎ በድብቅ የተቀመጠ ኪኒን የጎረቤት ልጆችን የገደለበት ጊዜ ተደጋግሟል። እዚያ ለሚኖር ሰው ምክሩ አጭር ነው፦ ጎረቤቱ ቤቱን ለጥቂት ቀን ዘግቶ ከሄደና ከዚያ በኋላ ቤተሰቡን በአንድነት ራስ ምታትና ማስመለስ ከያዘው ቤቱን ለቆ መውጣት፣ ከዚያ መደወል።

የመመረዙ ምልክት ማታለያው የምግብ መመረዝ መምሰሉ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥ፣ ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ ድካም ይታያል፤ ከሰዓታት በኋላ ደግሞ ልብና ሳንባ ሊከዱ ይችላሉ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያደርገው ሰውነቱን ደግፎ ማቆየት ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ መድረስ ብዙ ለውጥ ያመጣል። ሰውን ወደ ንጹሕ አየር አውጡ፣ በቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ፣ ለሐኪሙ «ቤት ውስጥ የነቀዝ ኪኒን ነበር» በሉት። ወተት አይረዳም። ኪኒኑ ላይ ውሃ አታፍሱበት። ለመፈለግም ተመልሳችሁ አትግቡ።

ለቤት የሚሆነው

ቤት የገባ እህል መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ፣ ይበጠር፣ የተነቀዘው ይለይ። ከዚያ አየር በማያስገባ ነገር ውስጥ ይታሸግ። በየክልሉ የሚሸጠው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ሽፋን በተሸመነ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ነው። መርዝ የለውም፤ እህሉና ውስጡ ያሉት ነፍሳት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ ነቀዙ መብላትም መራባትም ያቆማል፣ ይሞታል። ማፈን የሚለው ሕግ እዚህም ያው ነው፤ የሚያመልጥ መርዝ የለም እንጂ። የእህሉ እርጥበት ከ13 በመቶ በታች ካልሆነ ግን ከረጢቱ ውስጥ ይሻግታል። መለኪያ የሌለው ሰው ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ እፍኝ እህል ከደረቅ ጨው ጋር አድርጎ፣ ከድኖ፣ ጥቂት ጊዜ ወዝውዞ ይተወው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና ነው።

ሲሞላ እያንዳንዱ ድርብ ለብቻው፣ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ወጥቶ፣ አንገቱ ተጠምዝዞና ታጥፎ በጥብቅ ይታሰራል። በየሳምንቱ እየከፈቱ መስፈር ኦክስጅን መመለስ ስለሆነ፣ ለቀለብ የሚሆነውን ለይቶ በትንሽ ዕቃ ማስቀመጥ፣ የቀረውን ለሁለት ሦስት ወር አለመንካት ነው። አይጥ ከረጢቱን ከበሳው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከግድግዳ አርቆ፣ ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ዙሪያውን ጠርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ለትኋን ደግሞ ሙቀት ይሻላል፦ አንሶላና ልብስ በ60 ዲግሪ ማጠብ፣ የአልጋ መጋጠሚያና የፍራሽ ስፌት ላይ እንፋሎት በዝግታ ማሳለፍ፣ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ደግሞ መድገም፤ መጀመሪያ ያልሞተ እንቁላል ካለ እስከዚያ ይፈለፈላል።

ቤት ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ኪኒን ካለ፣ ማንም ሳያድርበት በርና መስኮቱ ተከፍቶ ይንፈስ። የታሸገው ቆርቆሮ ሳይከፈት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይወሰድ፤ የተከፈተውንና ማዳበሪያ ውስጥ የገባውን እዚያ ያሉትን ባለሙያዎች ሳይጠይቁ አይንኩት። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ተመዝግቦ ካልሆነ ፀረ ተባይ አይሸጥም፤ ስለዚህ ጽሑፍ በሌለው ብልቃጥ ወይም በወረቀት ተጠቅልሎ በነጠላ የሚሸጠውን ኪኒን ለመኖሪያ ቤት መግዛት የለብንም። ለመጋዘንም ቢሆን መለያውን ያላነበብነውን ዕቃ መጠኑን ከየት እናውቀዋለን?